አራት ሜትር መሰላል

ይድረስ ለወንድሜ ለቶማስ መሸሻ
ሞያሌ

ቶሚ ወንድሜ፣ እንደምን ነህ? ጎማ ሳነሳ ይይዘኛል ያልከኝ ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዝም ብለህ ችለኸው ነው? ባለቤትህ ሃዊ ጤናዋ እንዴት ነው? ልጃችሁ ሊሚስ? ባለፈው በላክኸው ፎቶ ላይ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፣ በቀለላት? የሞያሌ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? ውሃው ይመጣል? ጎሚስታ ቤቱስ፣ መንገዱስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኛ እዚህ በፈጣሪ ቸርነት አለን። እማዬ አለች፣ ባለቤቴ ኢየሩ አለች፣ ልጃችን ሄርሜላ አለች፣ እኔም ከነደም ግፊቴ አለሁ። የቀጨኔ ዳገት ብቻ ከዓመት ዓመት እየረዘመብኝ ነው።

ከኔ ደብዳቤ ሲመጣልህ ልብህ እንዳይሸበር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ማንም አልሞተም። በወረቀት የጻፍኩት አብሮት የሚመጣ ደብተር ስላለ ነው። ደብተሩን ገና አትክፈተው፣ እባክህ። መጀመሪያ ይሄን አንብበህ ጨርስ። ደግሞ በስልክ ስንገናኝ ምን እንደምንባባል ታውቀዋለህ። እኔ «ሰላም ነው?» እላለሁ፣ አንተ «ሰላም ነው» ትላለህ፣ ከዚያ ኔትዎርኩ ይቋረጣል፣ ሁለታችንም በሆዳችን ኔትዎርኩን እናመሰግናለን።

የምነግርህን እንዳልዘለው ካርቶን ላይ በቁጥር ጻፍኩት፤ ታውቀኛለህ። ዘጠኝ ሆነ። ኢየሩ አይታው «ይሄ ለወንድምህ ነው ወይስ ለአስቤዛ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አንደኛው እማዬ ናት። ሰውነቷ ደህና ነው፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ እናስቀምጣታለን። ጭንቅላቷ ግን ይሄዳል ይመጣል። አልጋዋን ሳሎን ከመጋረጃው ጀርባ አድርገንላታል። አንዳንድ ቀን ኢየሩን «አንቺ ሴትዮ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ትላታለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ በሩን በሩን እያየች «አባታችሁ እኮ ቆሟል፣ ወንበር ስጡት እንጂ» ትላለች። መጀመሪያ ላይ «እማዬ፣ አባባ እኮ ካረፈ ቆየ» እላት ነበር። እንደ አዲስ መርዶ ታለቅሳለች። አሁን ተውኩት። ወንበሩን አቀርባለሁ። ባዶውን ወንበር በሩ ጋ አድርጌ ምሳዬን ፊት ለፊቱ እበላለሁ። ልማድ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። እስካሁን ጀርባዬን መስጠት አልቻልኩም።

ሁለተኛው ቤቱ ነው። ያንተ ክፍል፣ የኋላዋ፣ አሁን የሄርሜላ ማጥኛ ናት። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ በእርሳስ እየጻፍክ ታሰላቸው የነበሩት ቁጥሮች ትዝ ይሉሃል? ሁለት ጊዜ ኖራ ቀባሁባቸው። ኖራው ደርቆ ሲነጣ ጠፉ ትላለህ። ክረምት ሲመጣና ግድግዳው ሲረጥብ አንድ ባንድ ተመልሰው ይወጣሉ። አምና ሦስተኛ ልቀባ ባልዲዬን ይዤ ስገባ ሄርሜላ «ተዋቸው አባ፣ ከማን ጋር ላጥና?» አለችኝ። ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ።

ሦስተኛው ሄርሜላ ናት። ከአራት እስከ ስምንት ያለው ስለ ቆርቆሮውና ስለ ዕድሩ ነው፤ ይቆይ። ስለ ሄርሜላ ልንገርህና ዘጠነኛው ራሱ ይመጣል።

ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የፈተናውን ወሬ እዚያም ትሰማዋለህ፤ ስንቱ ገብቶ ስንቱ እንደሚያልፍ። ሌላው ትምህርት እሺ ይላታል፣ ሒሳብ ላይ ስትደርስ ነው የምትቆመው። ቁጭ ብላ ታየዋለች፣ የሹራቧን ኮሌታ ትነክሳለች። ኮሌታ መንከሱን ከማን እንዳመጣችው አልነግርህም። እንግዲህ እኔም አሥራ ሁለትን ጨርሻለሁ፣ ማትሪክ ያመለጠኝ በትንሽ ነው፣ ሌላ አስጠኚ ከምፈልግ እኔው ልሞክር ብዬ ከጥቅምት ጀምሮ ተነሳሁ። ከዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመርን፤ መሠረቱ ያልተስተካከለ ቤት ቆርቆሮ ቢለብስ ምን ይሆናል። መጀመሪያ እሷ ብቻ ነበረች። ቀጥሎ የታችኛው ቤት ሶፍያ መጣች፤ ምላሷ ከእርሳሷ የሚፈጥን ልጅ ናት። ቀጥሎ ደግሞ ቦና የሚባል የክፍላቸው ልጅ፤ አባቱ ሸጎሌ የከብት ነጋዴ ነው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን የብየዳ ማሽኔን አጠፋለሁ፣ ያልተቀባ የብረት በር ግድግዳ ላይ አስደግፋለሁ፣ እሱ ሰሌዳችን ነው። ብየዳ ቤቴ ከሳሎኑ ጋር በቀጭን ግድግዳ ስለምትገናኝ እማዬ ከአልጋዋ ሁሉንም ትሰማለች።

ልጆቹ የሚሳሳቱት በየቀኑ አዲስ ነገር መስሎኝ ነበር። አይደለም። ያው አራት አምስት ስህተት ነው ልብስ እየቀየረ የሚመጣው። በሩ ጥግ ላይ ተራ ቁጥር ሰጥቼ ጻፍኳቸው። ማይነስ ከቅንፍ ውጭ ከቆመ ውስጥ ያለውን ሁሉ መንካት አለበት፤ እነሱ የመጀመሪያውን ብቻ ይቀይሩና ሌላውን ዝም ይሉታል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ በር ላይ ያገኘውን ብቻ ጨብጦ እንደሚወጣ ሰው። ሁለተኛ፣ ኤ ሲደመር ቢ ሁለቱም ባንድ ላይ ስኩዌር ሲባል ኤ ስኩዌርና ቢ ስኩዌር ብቻ ጽፈው ይገላገላሉ። ለዚህ ላሜራ ቆረጥኩላቸው። አንድ ሰፊ ካሬ ላሜራ በአራት ከፈልኩት፤ አንድ ትልቅ ካሬ፣ አንድ ትንሽ ካሬ፣ ሁለት እኩል ረዣዥም ቁራጭ። ሁለቱን ካሬ ብቻ ቦታቸው አስቀምጬ «በሩ ሞላ?» አልኳቸው። ሶፍያ «ጋሽ ኪሩ፣ በዚህ በር ሌባው ከነጓዙ ይገባል» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን ቁራጭ የረሳ የለም። ለኤክስ አካፍለው መልስ የሚጥሉም አሉ፣ ዜሮን እንደ መልስ የማይቆጥሩ።

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። «ጥያቄውን ሳታነቡ ቁጥሩን አይታችሁ አትሩጡ» ይላል። ቦና ጥያቄ ውስጥ ሁለት ቁጥር ካየ ያባዛል፤ ምን እንደተጠየቀ አይጨነቅም። «አንተ ልጅ፣ በሬውን ሳታይ ቀንዱን አይተህ ዋጋ ትጠራለህ» ስለው «አባቴም እንደዛው ነው ጋሼ፣ ግን ያተርፋል» ይለኛል። እንስቃለን። ቶሚ፣ ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በነጭ ጠመኔ፣ ሁለት መስመር አስምሬበት። ቆይተህ ይገባሃል።

ጂኦሜትሪውን በአባባ የግንበኛ ሲባጎ ነው የጀመርኩት። አሁንም አለችኝ። በአንዱ ጎን ሦስት ሜትር፣ በሌላው አራት ሜትር፣ ማዶ ለማዶ አምስት ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው፣ ቤቱ ይቆማል። እኛ ቤት ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥሎ የተማርነው እሱን ነበር እኮ። ሦስት አራት አምስት። እጄ ራሱ ያውቀዋል፤ ሦስትና አራት ሳይ አምስት ሳላስብ ይመጣል። ልጆቹ መሬት ላይ በሲባጎ ሲሠሩት ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። አባባ ያየናል ብዬ ሳሎኑ በር ላይ ወዳለው ወንበር ዞር አልኩ። ወንበሩ እንዳለ ነው።

ታዲያ በመጋቢት፣ በፆሙ፣ አንድ ቀን ሄርሜላ አንድ ቀላል ነገር ሦስት ጊዜ ሳተች። ከማይነሱ ነው፣ ከአንደኛው ስህተት። ጠዋት አንድ ደንበኛ በር አልተስተካከለም ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ውሎ ነበር፤ ምክንያት እየፈለግሁ አይደለም፣ እንዲሁ ነው የምነግርህ። በሦስተኛው «አንገትሽ ላይ ያለው ራስ ነው ወይስ ዱባ?» አልኳት። እ... ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። ቆይቶ ነው ያወቅሁት። የኔው ነው፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ የነበረኝ። እጄን ቀና ብዬ ሳይ የአባባን ስኳድራ፣ ያን የዘጠና ዲግሪ መለኪያ ብረት፣ ከራሴ በላይ ይዤዋለሁ። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።

ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ እማዬ «ኪሩ! ልጁን ተወው!» አለች።

የዛሬዋ እማዬ ድምፅ አልነበረም። ውሃ ለመጠጣት ሁለት እጅ የምትፈልገዋ ሴትዮ አይደለችም። ያኔ ከኩሽና እየሮጠች የመጣችው ናት፣ ቃሉም ያው ነው። ሶፍያና ቦና አንገታቸውን ደፉ። ሄርሜላ እኔን አላየችም፤ ስኳድራውን ነው የምታየው። ቀስ ብላ ደብተሯን ዘጋች፣ እርሳሷን ኪሷ ከተተች፣ ወጣች። ማታውን አልበላችም። በማግሥቱ ለእናቷ «እኔ አልፈተንም፣ አትድከሙ» አለቻት። ኢየሩ መጥታ ፊቴ ቆመችና «አንተ ሰውዬ፣ አስጠናት አልንህ እንጂ አስፈራራት አላልንህም» አለችኝ።

ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ከአያቷ አልጋ አጠገብ ትቀመጣለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ማሽኔን አጥፍቼ በሩን አስደግፌ እጠብቃለሁ። ማንም አይመጣም። ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ዳገቱን ስትወርድ ከኋላዋ አያለሁ፣ የሷን ጀርባ አይደለም የማየው። አንተን ነው። ያቺን የላስቲክ ቦርሳ ይዘህ ከጭነት መኪናው ሹፌር ጋር ስትወርድ፣ አንዴ እንኳን ዞር ሳትል። ዘጠነኛን ጨርሰህ ላትመለስ የሄድክባት ቀን። ልጄም እንዲሁ ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ።

በዘጠነኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ብቻዋን ነው። የእማዬን ፀጉር ስታበጥርላት እማዬ የሳጥኗን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ሰጥታት ኖሯል። ከሳጥኑ ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ደብተር አገኘች። ሰማያዊ ሽፋን፣ ቶማስ መሸሻ፣ ዘጠነኛ ቢ። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ «ይሄን ቀይ ኤክስ ያደረገው ማን ነው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። «ለምን?» ተሳስቶ ነዋ አልኳት። «የቱ ጋ?» አለችኝ።

አነበብኩት። ጥያቄው እንዲህ ይላል። አራት ሜትር ርዝመት ያለው መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል። የመሰላሉ እግር ከግድግዳው ሦስት ሜትር ይርቃል። መሰላሉ ግድግዳውን የሚነካው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? ባንተ ጽሕፈት፣ በዚያ በተኛው፣ አሥራ ስድስት ሲቀነስ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ የሰባት ስኩዌር ሩት፣ ሁለት ሜትር ከስልሳ አራት ገደማ ይላል። ሥዕሉንም ሠርተኸዋል፣ ትንሽ ሰውዬ ከላይ አድርገህበታል። ከሥሩ የኔ ቀይ ቢክ ነው። ትልቅ ኤክስ፣ አምስት፣ ሁለት ቃለ አጋኖ፣ ዜሮ። ቀዩ ወረቀቱን ቀዶታል፤ በሚቀጥለው ገጽ ላይ እንኳን ምልክቱ አለ።

ትዝ አለህ አይደል? መቼ ረስተኸው። ግንቦት ሰማንያ ስድስት፣ አባባ በሞተ በአራተኛ ወሩ። እኔ ሃያ፣ አንተ አሥራ አምስት። ከዚህ በኋላ አባት እኔ ነኝ ብዬ በየቀኑ አስጠናህ ነበር። ሦስትና አራት ስላየሁ አምስት ነው አልኩህ። አንተ ግራ ተጋብተህ «ጋሼ፣ የአራት ሜትር መሰላል እንዴት አምስት ሜትር ይደርሳል?» አልከኝ። በስኳድራው መታሁህ። ጆሮህን ይዘህ፣ ደም በጣቶችህ መሀል እየወረደ፣ «አይደርስም ጋሼ፣ ያጥራል» አልከኝ። ደገምኩህ። እማዬ ባትደርስ ሦስተኛውንም እሰነዝረው ነበር። እስከዚያ ቀን ጋሼ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ኪሩ ሆንኩ፤ ስልክ ላይም ኪሩ ነው የምትለኝ። ተገቢ ነው። ግን ልንገርህ፣ ሰምቼዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሰማዋለሁ።

ሄርሜላ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «መሰላሉን አምጣው» አለችኝ። አራት ሜትር ነው አሁን የምሠራበትም። ግቢ አወጣነው። ሶፍያና ቦና ድምፅ ሰምተው መጡ። ሦስት ሜትር ለክተን እግሩን አስቀመጥን፤ እንዲህ ርቆ ሲቆም ይንሸራተታልና ቦና በጫማው ደገፈው። ሶፍያ አይታ «ጋሽ ኪሩ፣ ይሄ እኮ መሰላል ሳይሆን አልጋ ነው፣ ትራስ ላምጣ?» አለች። ሄርሜላ በርጩማ ላይ ወጥታ ሜትሩን ዘረጋች። እኔ ከታች ነው የያዝኩት። ሁለት ሜትር ከስልሳ አራት፣ ከትንሽ ነገር ጋር። ከላይ ሆና አየችኝና «አምስቱ የት ነው አባ?» አለች። ሜትሩን ወደ ላይ ዘረጋሁት። አምስት ሜትር ከጣሪያችን በላይ ነው፤ አየር ላይ፣ ምንም የሌለበት ቦታ። ሁላችንም ቀና ብለን አየነው።

አሁን ዘጠነኛው ነው። ይሄን ካርቶኑ ላይ ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፍኩት፣ አጠገቡ ምንም የለም።

አባባ የወደቀ ቀን ጠዋት፣ ያ በሸጎሌ በኩል ይለስነው የነበረው ቤት ግድግዳው አምስት ሜትር ነበር። ረጅሙን መሰላል አምጣ ብሎ ላከኝ፣ ስድስት ሜትሩን። መሰላሉ ደግሞ ላይኛው ቀጨኔ አንድ ደንበኛ ቤት ነው የቀረው። ዳገቱን መውጣት ሰለቸኝ። ከሰዓት ኳስ ነበረን። ከቤት አጭሩን፣ አራት ሜትሩን ተሸክሜ ሄድኩ። አባባ አየውና «ይደርሳል?» አለኝ። «ይደርሳል አባባ» አልኩት። አመነኝ። አሥራ ሁለት የጨረሰ ልጁ ነኛ። የመጨረሻው እርከን ላይ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ሆነ። ላንተ መሰላሉ ተንሸራተተ ተብሎ ነው የተነገረህ። ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉው አይደለም። እማዬ ብቻ ነበረች የቱን መሰላል ይዤ እንደወጣሁ ያየች። ለሰው ቀርቶ ለኔም አንዲት ቀን አንስታው አታውቅም። አባባ ሞቶም በር ላይ የሚቆመው ወንበር ፈልጎ አይደለም ይመስለኛል።

ስለዚህ ያኔ ያ ጥያቄ ፊቴ ሲመጣ፣ አራት ሜትር መሰላል ሲል፣ እኔ የሒሳብ ጥያቄ አላነበብኩም። እጄ በልማዱ አምስት አለ፣ እሱ እውነት ነው፣ የሙያችን በሽታ ነው። ግን አንተ ያጥራል ስትለኝ ቆም ብዬ ማየት እችል ነበር። አላየሁም። አምስት ቢሆን ይደርስ ነበር ቶሚ። አምስት እንዲሆንልኝ ፈለግሁ። አንተ በልጅ አፍህ ያጥራል ስትል የምታውቅ መሰለኝ። የመታሁህ ስለተሳሳትክ አይደለም። ልክ ስለነበርክ ነው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ይሄን ሁሉ ለሄርሜላ ነገርኳት፣ መሰላሉ እንደተደገፈ። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ንገረው እንጂ» አለችኝ። ቀጥላም «እሱ ልክ እንደነበረ እስኪያውቅ ድረስ ካንተ ጋር ሒሳብ አልቀመጥም» አለችኝ። ፈተናው ሁለት ወር ገደማ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ ያንተ ክፍል ውስጥ ከሶፍያና ከቦና ጋር ዘግተው ያጠናሉ፤ ደብዳቤው የሄደ ቀን እወጣለሁ ብላለች። እኔ በብረት በሩ ፊት ብቻዬን ነኝ። ከፋሲካ በፊት የጀመርኩትን ደብዳቤ አራት ጊዜ ቀድጄ ይሄው አምስተኛው ነው። የሶፍያ አጎት አማን ነገ ሰኞ በጭነት መኪናው ወደናንተ ይወርዳል፣ በእጁ ይሰጥሃል።

በወግ ቢሆን ድንጋይ ተሸክሜ ደጅህ መቆም ነበረብኝ። ይቅርታ በወረቀት እንደማይለመን አውቃለሁ። ና ካልከኝ እማዬን ለኢየሩ ትቼ እመጣለሁ። አትምጣ ካልክም ይገባኛል። አሁን ደብተሩን ክፈተው። ኤክሱን ላጠፋው ነበር፣ ሄርሜላ «አታጥፋው፣ እሱም ያንተ ሥራ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ከአጠገቡ በቀይ ቢክ ልክ ነው ብዬ ጽፌ፣ ስሜንና የዛሬን ቀን አድርጌበታለሁ። መጨረሻ ገጽ ላይ ልጅህ ሄርሜላ ጥያቄ ጽፋልሃለች። የመሰላሉ እግር ሦስት ሜትር ርቆ ግድግዳው ላይ አምስት ሜትር እንዲደርስ መሰላሉ ስንት ሜትር መሆን ነበረበት ትላለች። እኔ ሠርቼዋለሁ፤ ከስድስት ትንሽ ያንሳል። ስድስቱ ይደርስ ነበር። ግን የኔን መልስ አትፈልግም። ያንተን ነው የምትጠብቀው። ሒሳብ ከተውክ ሠላሳ ዓመት አልፎሃል፣ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ደውልላት። ለኔ ባይሆንም ለሷ። «አጎቴ ያስረዳኝ» ነው የምትለው።

ለሃዊ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ አይቻት ባላውቅም እንዳንተ ያለውን ዝምተኛ ችላ የምትኖር ደግ ሰው ናት። ሊሚን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፣ ቁጥር ስትማር አትቆጣት። ኢየሩ «እግዜር ያሳየኝ፣ ቤታችሁ ሰፊ ነው በለው» ብላሃለች። ሄርሜላ ሰላም ብላሃለች፤ ግድግዳው ላይ ከቁጥሮችህ ሥር የራሷን መጻፍ ጀምራለች። ሶፍያና ቦና ሳያውቁህ «ለመሰላሉ ሰውዬ ሰላም በልልን» አሉኝ።

እማዬም ልካልሃለች። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ «ቶማስ ሒሳቡን ጨረሰ?» ትለኛለች። እስከ ዛሬ «ገና ነው እማዬ» እያልኩ አልፋት ነበር፤ ሌላ ምን እላለሁ። ዛሬ እሑድ ይሄን እየጻፍኩ ስትጠይቀኝ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩና «አዎ እማዬ፣ ጨርሷል። ልክ ነው ያገኘው» አልኳት። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ታዲያ ምን አስቀመጠው? ና በለው እንጂ፣ ምሳው ቀዘቀዘ» አለችኝ።

ና ብላሃለች ቶሚ።

ወንድምህ ኪሩ መሸሻ
ቀጨኔ፣ ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.